ቆመው የለመኑልኝ ሥራ

ስፔሻሊቲዬን ጨርሼ ወረታ የገባሁ ቀን፣ ከመናኸሪያው ቤታችን ድረስ ያመጣኝ የባጃጅ ሾፌር ሻንጣዬን እየጫነ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ ዶክተር፤ አሁን የምን ሐኪም ሆንሽ ማለት ነው?» አለኝ። ፓቶሎጂስት አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «እሱ የልብ ነው የዓይን?» አለ። የልብም የዓይንም እንዳልሆነ፣ ከሰው ላይ የተወሰደ ሥጋ ወይም ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታው ምን እንደሆነ የሚናገር ሐኪም እንደሆነ አስረዳሁት። ደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ በቆሙት የጭነት መኪናዎች መሐል ባጃጁን እያሾለከ በጥሞና ሰማኝና፣ «ታዲያ በሽተኛው የት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

በእኔ ሙያ በሽተኛው ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ሌላ ሐኪም ቆርጦ ይልካል፣ እኔ አያለሁ፣ መልሴ ተጽፎ ይሄዳል። የዳነ ሰው የሚመርቀው ቀዶ ሐኪሙን ነው፤ እኔን መንገድ ላይ ቢያገኘኝ አያውቀኝም። ይህን አውቄ፣ ወድጄ ነው የገባሁበት። ቢላ ከመነሳቱ በፊት «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ተብሎ የሚጠየቀው ሰው መሆን ያኮራኝ ነበር፤ ዛሬም ያኮራኛል። ያልጠረጠርኩት ነገር፣ ተምሬ ስጨርስ ጠያቂ እንደማጣ ነው።

የሥራ ፍለጋዬን እንዳለ ባወራው የምቀልድ ይመስላል። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ባለሙያው በጣም እንደሚያስፈልገው፣ ነገር ግን የሥራ መደቡ እንዳልተፈቀደለት ነገረኝ። ሌላው መደቡ ተፈቅዶለታል፤ ሥጋውን በስሱ የሚቆርጠው መሣሪያ ግን ከተበላሸ ከርሟል። ሲጠገን እንደውልልሻለን አሉኝ፤ እስካሁን አልደወሉም። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ላቦራቶሪ ደግሞ የሥራ ልምድ ጠየቀኝ። ልምድ የሚገኘው ተሠርቶ እንደሆነ ላስረዳ ስሞክር፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ጨዋ ነበርና እስክጨርስ አዳመጠኝ፤ ከዚያም ልምድ ሳገኝ ተመልሼ እንድመጣ መከረኝ። አብረውኝ ከጨረሱት አንዱ ወደ ጠቅላላ ሐኪምነቱ ተመልሶ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆነ። አንዷ መድኃኒት አስመጪዎች ዘንድ ተቀጥራ፣ በየሆስፒታሉ እየዞረች የራስ ምታት ክኒን ታስተዋውቃለች። በማይክሮስኮፕ የጠፋውን ሁሉ ፈልጋ የምታገኝ ልጅ ነበረች።

ሥራው ራሱ ባይኖር ኖሮ እችለው ነበር። ሥራውማ ሞልቷል። የጡት እብጠት የወጣላት ሴት የወጣላትን ሥጋ በጠርሙስ አድርገው ይሰጧታል፤ እሷ ጠርሙሱን በፌስታል አንጠልጥላ ባሕር ዳር ትሄዳለች። መንገድ ከተዘጋ ጠርሙሱ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል። ደርሶም ወረፋ አለ፤ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው ይሏታል። እኔ ደግሞ እዚሁ ወረታ፣ አባቴ ቤት ደጅ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በዚያ ላይ ሰፈሩ ሙያዬን በራሱ መንገድ ተርጉሞት ነበር። የሰው ሥጋ የምታይ ሐኪም ሥጋውን ከሞተ ሰው ካልሆነ ከየት ታመጣዋለች ተብሎ፣ የሬሳ ሐኪም ተባልኩ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በመጨረሻ ወደ ከተማችን ሆስፒታል ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይርቅ፣ ቢሮው በሰው የተጨናነቀበት ሰው ነው። አልዋሸኝም። «እንኳን የአንቺን፣ የዋናዎቹንም መደብ አልሞላልኝም። ክልሉ ካልፈቀደ እኔ ምን አደርጋለሁ?» አለኝ። ማመልከቻዬን ግን ተቀበለ። ቢሮው ጥግ ላይ ያለውን የማመልከቻ ክምር አየሁና የኔ ከስር እንደሚሆን ገባኝ። ቤት ስገባ በሩን ያለ ልክ ገፋሁት መሰለኝ፣ እናቴ «በሩ ምን አደረገሽ?» አለችኝ።

አባቴ ገበሬ ነው። ስለ ሩዝና ስለ ከብት ካልሆነ ብዙ አያወራም። ማታ እራት ላይ እንደ ዋዛ፣ «ሽማግሌ ልልክ ነው» አለ።

«ወደ ማን?»

«ወደ ሆስፒታሉ።»

ሳቅኩ። አልሳቀም። ያን ጊዜ ተቆጣሁ። «አባዬ፣ እኔ ሙሽራ ነኝ እንዴ? ሥራ በማመልከቻ ነው የሚጠየቅ።»

«ጠየቅሽ አይደል? ምን አሉሽ?»

እንጀራዬን ቆረስኩ።

«ወረቀትን እምቢ ማለት ቀላል ነው። ዓይን የለውም፣ አያይሽም። ፊት ለፊት የቆመ ሽማግሌን እምቢ ማለት ነው ጭንቁ» አለና መብላቱን ቀጠለ።

እኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለማጨት፣ ደም ለማድረቅ፣ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ነው። ሽማግሌዎች ደጅ ሲደርሱ ግቡ ይባላሉ፤ ይገባሉ። ተቀመጡ ይባላሉ፤ አይቀመጡም። የመጡበት ጉዳይ እሺ እስኪባል ድረስ ይቆማሉ። ቢሰለቹም ቢደክሙም ይቆማሉ። ባለቤቱ ጨዋ ከሆነ፣ አባቶችን አቁሞ እሱ መቀመጡ ያሳፍረዋል፤ ነገሩ ሁሉ የተገነባው በዚህች ኀፍረት ላይ ነው። ለሥራ ቅጥር ሽማግሌ ሲላክ ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም። ከፍተኛ ትምህርት ተምሬ በሽምግልና ስቀጠር ጓደኞቼ ቢሰሙ የሚሉኝን እያሰብኩ፣ አባቴ ይተወዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

አልተወውም። የገበያ ቀን ጠዋት እናቴ «ሄደዋል» ስትለኝ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሾፌሩን ቶሎ በል እያልኩ ነበር። ሐሳቤ አባቶቼን ይቅርታ ብዬ ከዚያ ቢሮ ይዣቸው መውጣት ነው።

ስደርስ ቢሮው በር ክፍት ነበር። ሦስት ናቸው። አንዱ የአባቴ የነፍስ አባት የሆኑት ቄስ፣ አንዱ ጎረቤታችን የሩዝ ነጋዴ፣ ተናጋሪው ደግሞ የእኔው ክርስትና አባት። ክርስትና ያነሡኝ ባለቤታቸው ስለሆኑ ነው ክርስትና አባቴ የምላቸው፤ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ መሬታቸውም ከእኛ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ሲሆኑ አንገታቸው ላይ ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ እንቅርት አላቸው፤ ፎጣ ይጠመጥሙበታል። ሕፃን ሆኜ ሲያቅፉኝ በጣቴ እጫናት ነበር ይባላል።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሥቷል። «ኧረ አባቶቼ፣ ተቀመጡ እንጂ» ይላል።

«እግዜር ይስጥልን። የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም» አሉ ክርስትና አባቴ።

ሰውየው ደነገጠ። «ምን ደረሰ? የሞተ ሰው አለ?»

«የሞተስ የለም። የተማረች ልጅ አለችን።»

ማን እንደሆንኩ ሲገባው ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ፤ ከዚያ ተመልሶ ተጨነቀ። ለእኔ የነገረኝን ነገራቸው። መደብ የለም፣ የሚፈቅደው ክልሉ ነው፣ በእጁ ያለ ነገር አይደለም። ክርስትና አባቴ በትዕግሥት ሰምተውት፣ «እኛ ክልሉን አናውቀውም ጌታዬ፤ እርስዎን ነው የምናውቅ» አሉት።

«አባቴ፣ እሺ ብልዎት መዋሸት ይሆንብኛል።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጄ፣ እኛ ለዚህ አዲስ አይደለን። ልጅ ስናጭ ልጅቱ አልደረሰችም ይሉናል፤ እንቆማለን። ዘመድ አልተመከረም ይሉናል፤ እንቆማለን። አንተም የቸገረህን ተናገር፤ እኛ እንቆማለን።»

በዚህ ጊዜ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። ክርስትና አባቴ አዩኝ። ላፍር፣ ልቆጣ፣ ልለምን ሳልወስን፣ «መጣሽ? በይ እንግዲያ አንችው ንገሪው። ሥራሽን ለመሥራት ምንድን ነው የሚያስፈልግሽ?» አሉኝ።

ይዣቸው ልወጣ ነበር የመጣሁት። ነገር ግን ከተመረቅሁ ጀምሮ በዞርኩበት ሁሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ምን አለሽ ነበር የሚሉኝ፤ ምን ልምድ አለሽ፣ ምን ድጋፍ ደብዳቤ አለሽ። ምን ያስፈልግሻል ያለኝ የለም። መልሱ ከአፌ ራሱ ወጣ።

«መርፌ» አልኩ። «ተራ መርፌና ሲሪንጅ። የመስታወት ስላይድ። ለወባ ምርመራ የምትጠቀሙበት ማቅለሚያ። ማይክሮስኮፑን ከሰዓት በኋላ፣ የወባው ወረፋ ሲያልቅ። እና መስኮት ያለው ክፍል።»

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን ቋጠረ። «የእናንተ ሥራ ትልልቅ ማሽን አይፈልግም እንዴ?»

«ተቆርጦ ለሚመጣው ሥጋ ይፈልጋል። እሱን እዚህ አልችልም። አንገት፣ ጡት፣ ብብት ላይ ላለ እብጠት ግን አይፈልግም። በመርፌ ወግቼ ትንሽ እቀዳለሁ፣ መስታወት ላይ እቀባዋለሁ፣ አቀልመዋለሁ፣ አያለሁ። የምጠይቀው ሁሉ እናንተ ላቦራቶሪ ውስጥ አለ።»

«ውጤቱስ?»

«ሰውየው ገበያውን ጨርሶ ሲመለስ ይወስዳል።»

የሩዝ ነጋዴው ወገባቸውን ያማቸዋል፤ አንዱን እግራቸውን አሳርፈው በሌላው ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ አያቸው። ውጭ የሚጠብቁት ሰዎች አንገታቸውን በበሩ እያሰገጉ ነው። እሱ ራሱ እንደ ቆመ ነው፤ አባቶች ቆመው መቀመጥ አልሆነለትም።

«በጊዜያዊነት» አለ በመጨረሻ። «የገበያ ቀን ከሰዓት ከሰዓት። አሮጌ አልጋ የታጨቀበት ክፍል አለ፣ ታጸጂዋለሽ። ለክልሉ እጽፋለሁ፤ ደመወዙ መቼ እንደሚፈቀድ ግን ቃል አልገባም።»

«እሺ ነው?» አሉ ክርስትና አባቴ።

«እሺ ነው።»

ሦስቱም እኩል ተቀመጡ። የሩዝ ነጋዴው እፎይታ እስከ ውጭ ተሰማ። እኔ በሩን ተደግፌ ቀረሁ። አፍሬ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

ክፍሉን ከአባቴ ጋር አጸዳን፣ ኖራ ቀባን። ጠረጴዛ ከመዝገብ ቤት ተገኘ። የላቦራቶሪው ባለሙያ፣ ቀልደኛ ሰው ነው፣ ማይክሮስኮፑን ይዞልኝ ሲገባ፣ «ዶክተር፣ የወባ ሐኪም ብትሆኚ ኖሮ እስካሁን ተሰልፈውልሽ ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ለእኔ የተሰለፈ አልነበረም። የመጀመሪያው የገበያ ቀን ማንም አልመጣም። የሚቀጥለውም እንዲሁ። እብጠት ያለበት ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ገበያው መሐል ስሄድ ዓይኔ አንገት አንገታቸውን ነው የሚያየው። እናቴ ይፋግ ገበያ ሄዳ ምክንያቱን ሰምታ መጣች። የሬሳ ሐኪሟ ወደ ቁም ሰው ዞራለች ይባላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ እብጠትን ብረት ከነካው ይቆጣል፣ የተኛው ይቀሰቀሳል፣ በደም ይበተናል የሚለው ነው። ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ወሬ ነው። ሰዎች የሚያምኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሐኪም ቤት የሚሄዱት በሽታው ከጠና በኋላ ስለሆነ፣ ብረቱ ከነካቸው ብዙም ሳይቆዩ የሞቱ ዘመዶች ሁሉም አላቸው። ብረቱ የመጨረሻው ነገር ስለሆነ ጥፋተኛው እሱ ይሆናል።

ልተወው አላልኩም። ሦስት ሽማግሌ ቆሞ የለመነልኝን ወንበር ባዶ ትቼ ብሄድ በየት በኩል ዓይናቸውን አያለሁ? የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ነጭ ጋዋኔን ለብሼ ገባሁ፣ ሌንሱን አጸዳሁ፣ መርፌዎቼን ደረደርኩ፣ መጽሐፍ ገልጬ ተቀመጥኩ። ከመጡ አለሁ፤ ካልመጡም አለሁ።

ኅዳር ላይ አንድ ከሰዓት ክርስትና አባቴ መጡ። ክፍሌ አልገቡም። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር፣ በሽተኛና አስታማሚ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ መሐል ለመሐል ተቀምጠው ፎጣቸውን ፈቱ። አንገታቸውን በአደባባይ ገልጠው ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሮጬ ወጣሁ።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው? አመመዎት?»

«ምንም አልሆንሁ» አሉ፣ ለእኔ ብቻ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብለው። «ይችን እንቅርቴን በመርፌሽ እንድታይልኝ ነው የመጣሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰው እንዲያይ ነው። ሩዝ መጀመሪያ ሲመጣ ማን ነክቶት ነበር? የወፍ እህል አሉት። እኔና አባትሽ ዘራነው፣ ሲበቅል አዩት፣ ሲበላ አዩት። ይኸው ሜዳው ዳር እስከ ዳር ሩዝ ነው። ሰው ጎረቤቱ ማሳ ላይ ሳያይ አይዘራም» አሉኝ።

ክፍሌ አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። በሩን ልዘጋ ስል «ተይው ክፍቱን» አሉ። አራት አምስት ሰው በሩ ላይ ቆሞ ያያል። እንቅርቷን በጣቶቼ ዳሰስኩ። ለስላሳ ናት፤ በልጅነቴ የምጫናት ያቺው ናት። ከታች በግራ በኩል ግን ጠንካራ ነገር አገኘሁ፤ ከጎኗም በአንገታቸው ጎን፣ ድሮ የማላውቀው ትንሽ ፍሬ አለ።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ፎጣ ለባሹ እኔ፣ ዳሳሿ አንች።»

ወጋሁ። ዓይናቸውን እንኳ አልጨፈኑም። ስላይዶቹን ቀባሁ፣ ጥጥ ለጠፍኩላቸው። ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አንገታቸውን እንደ ገለጡ በሕዝቡ መሐል አልፈው ወደ ገበያ ሄዱ። ከዚያ ጡቷ ላይ እብጠት ያለባት ሴት በሩ ላይ የቆሙትን ገፋ አድርጋ ገባች። ቀጥሎ የልጇ አንገት ያበጠባት እናት። ቀጥሎ ሌላ ሰው። ወረፋ ተሠራ፤ ለእኔ የተሠራ ወረፋ። የላቦራቶሪው ሰውዬ በበሩ በኩል ሲያልፍ አየኝና ባርኔጣ የሚያነሣ መስሎ ሄደ።

የክርስትና አባቴን ስላይድ ያየሁት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። ሌንሱን አስተካክዬ ገና እንዳጎነበስኩ እጄ ቆመ። ሴሎቹ ተደራርበዋል፤ አስኳላቸው መሐል ለመሐል እንደ ቡና ፍሬ ተሰንጥቋል። ይህን ቅርጽ ተማሪ ሆኜ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ፈተና ላይ ሲመጣ የምንደሰትበት ነበር። ሌላውን ስላይድ አየሁ፣ ያው ነው። ከጎን ካለችው ፍሬ የተቀዳውም ያው ነው። ስልኬን ሌንሱ ላይ አስጠግቼ ፎቶ አንስቼ ጎንደር ላሉት መምህሬ ላክሁ። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ። «ካንሰር ነው፣ ልክ ነሽ። ግን ይሄኛው አዝጋሚ ነው፤ አሁን ቀዶ ሕክምና ካገኙ ይድናሉ። ዝም ካሉት ነው የሚያስፈራው» አሉኝ።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ቀድመው ሐሳቤ ላይ የመጡት ክርስትና አባቴ ናቸው። ቀጥሎ ግን በዚያ ቀን ደጄ ላይ የተሰለፉት ሰዎች መጡብኝ። ክርስትና አባቴ በአደባባይ አንገታቸውን ሰጡኝ፤ አሁን ካንሰር አለብዎት ብዬ ለቀዶ ብልካቸው፣ ሰው ሁሉ ምን እንደሚል ማወቅ አያቅትም። ብረት ነክቶ ቀሰቀሰባቸው። ክፍሌ በዚያው ይዘጋል። እንደዚያም ሆኖ እውነቱን ከመናገር ሌላ ምርጫ አልታየኝም፤ ሥራዬ ያየሁትን መናገር ነው፤ ያየሁትን ከደበቅሁማ ክፍሉ ለምን ይጠቅመኛል?

በማግሥቱ ቤታቸው ሄድኩ። ሩዙ ቢጫ ሆኖ ግማሹ ታጭዷል፤ ነዶው በየማሳው ተከምሯል። ባለቤታቸው በርጩማ ሰጡኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳልሸፍን ነው የነገርኳቸው። ስሙን፣ ያለበትን ቦታ፣ የሚድን መሆኑን፣ ባሕር ዳር ቀጠሮ እንደማስይዝላቸው።

ክርስትና አባቴ ፎጣቸውን ዳሰሱ። «ከመርፌው በፊት ነበረ?»

«ከብዙ ጊዜ በፊት የነበረ ነው።»

«እሱን እኔና አንች እናውቃለን» አሉ። ከዚያ ሩዙ እስኪሰበሰብ ጊዜ እንደሌላቸው ነገሩኝ። ሲሰበሰብ ወንዛዬ ወርደው ፍል ውኃ እንደሚገቡ፣ ለወገባቸውም ደግ እንደሆነ። ደግሞም ዕድሜ ጠግበዋል። እንዲህ እያሉ ምክንያት ሲደረድሩ ዓይናቸው እኔ ላይ አልነበረም። ሰበብ እንደሆነ ገባኝ።

«አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«እውነቱማ» አሉ። «በእኔ አይተው የመጡ ሰዎች በእኔው አይተው ይሸሻሉ። ሄጄ አንገቴን ብቀደድ፣ መርፌዋ ነው ይሉሻል። አንድ ሰው አይደርስልሽም። ቆሜ የለመንሁልሽን እኔው ላፍርሰው? እኔ እንደሁ ኖሬያለሁ። አንች ሥራሽን ሥሪ።»

ባለቤታቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ግን ተናደድኩ። እንዲህ የተናደድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ በመደቡም፣ በተበላሸው መሣሪያም፣ በሰፈሩ ወሬም ያልተናደድኩትን ያህል። እኚህ ሰው ሕይወታቸውን ለእኔ ሥራ ሊከፍሉ ነው፤ ያንንም ቁጭ ብለው፣ ስለ ሩዝ እንደሚያወሩ ሆነው ይነግሩኛል።

ከበርጩማው ተነሣሁ። ወደ በሩ አልሄድኩም፤ መሐል ቤት ሄጄ ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩ።

«ምነው? ልትሄጅ ነው?»

«አልሄድም። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁ።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሳቁ። «ሴት ሽማግሌ ታይቶ ያውቃል?»

«ሴት የሬሳ ሐኪምስ ታይታ ታውቃለች?»

«ተይ፣ ቀልድ አይደለም። ተቀመጭ።»

«እሺ ሳይሉኝ አልቀመጥም።»

«ሽምግልና ብቻን አይሆንም፤ ሰው ይዞ ነው» አሉ፣ ሕግ እንደሚጠቅስ ሰው ሆነው። ይህን ሲሉ ባለቤታቸው ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ምንም ሳይናገሩ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ቀሚሳቸው ቀሚሴን ነካው። ክርስትና አባቴ ሚስታቸውን አዩ፣ ከዚያ ወደ መሬት አዩ።

ብዙ ቆምን። ከብቶቹ ከሜዳ ገቡ፤ ውጭ የሚያስራቸው ሰው ድምፅ ይሰማል። ክርስትና አባቴ ሊረዱ ይነሡ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ ቢነሡ ነገሩ ይበተናል። አልተነሡም። ሽማግሌ አቁሞ መሄድ ነውር እንደሆነ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። አንዱን እግሬን አሳርፌ በሌላው ቆምኩ፤ የሩዝ ነጋዴው እንዲያ ያደረጉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ሰዉስ?» አሉ በመጨረሻ። «መርፌው አመጣበት ካለስ?»

«ይበል። ሄደው ሲመለሱ አያይዎትም? ፎጣዎን ፈትተው፣ ያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ መርፌው አላመጣውም፣ አገኘው እንጅ ብለው ይንገሩት። ጎረቤቱ ማሳ ላይ ሳያይ አይዘራም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ባልመለስስ?»

ይህን የሚመልስ ስላይድ የለኝም። ላጽናናቸው ብዬ አልዋሸሁም። «መምህሬ ይድናሉ ብለዋል፤ እኔም አምናለሁ። እርግጠኛ ነኝ ግን አልልዎትም። እርግጠኛ የምሆነው ካልሄዱ ምን እንደሚሆን ነው። የዚያን ጊዜ ክፍሌ ሰው በሰው ቢሆን እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም።»

አጠገቤ ያሉት ባለቤታቸው ማልቀሳቸውን በትከሻቸው አወቅሁ፤ ድምፅ አላሰሙም፣ ቦታቸውንም አልለቀቁም። ክርስትና አባቴ ፎጣቸውን ከአንገታቸው ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ያቺ በሕፃንነቴ የምጫናት እንቅርት፣ የመርፌዬ ምልክት እንኳ የማይታይባት፣ ወደ እኔ ዞረች።

«እሺ» አሉ።

ሳላምን፣ እሳቸው ሥራ አስኪያጁን እንደ ጠየቁት አድርጌ ጠየቅኋቸው። «እሺ ነው?»

«እሺ ነው አልሁሽ። ተቀመጭ በይ፣ ደከመሽ።»

አልደከመኝም ልል ነበር። ከወገቤ በታች ደንዝዞ የራሴ አይመስለኝም። ባለቤታቸው በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ፤ ተቀመጥኩ።